የጅቡቲ መስመር ልጀምር ነው፤ ቤቴን መቼ ነው የማየው?

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከሐይቅ ነው። ዕድሜዬ 26 ነው። የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ። እስካሁን የነዳሁት የአጎቴን አይሱዙ ነው፤ ሥራውም ከሐይቅ ደሴ እህል ማመላለስ ነው። አሁን በተሳቢ የጅቡቲ መስመር ለመግባት ሁለት ሥራ አግኝቻለሁ። አንደኛው የኮምቦልቻ ሰው ነው፣ ሁለት መኪና አለው። ‹መጀመሪያ ስድስት ወር ረዳት ሆነህ ትሠራለህ፣ ከዚያ መሪ እሰጥሃለሁ› ይለኛል። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለ የትራንስፖርት ድርጅት ነው። ወዲያው መኪና እንደሚሰጡኝ፣ የጉዞ አበሉም እንደሚበልጥ፣ በየሳምንቱም ቤቴ እንደምገባ ነግረውኛል። ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ የመጀመሪያችን ነው። እሷ የኮምቦልቻውን ትመርጣለች። እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ይዤ ረዳት መሆን ከብዶኛል። ስለ ወደቡም ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚያወራኝ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሰላም ነህ? ከሁሉ በፊት እንኳን ደስ ያላችሁ። ባለቤትህን በሰላም ይገላግልልህ።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርህ። የኮምቦልቻውን ያዝ። ባለቤትህ በደንብ አይታዋለች። ግን ዝም ብለህ አትያዘው። ከሰውየው ጋር ቁጭ ብለህ የምትጨርሳቸው ነገሮች አሉ፤ እደርስባቸዋለሁ።

ከቤት ጉዳይ ልጀምር። «በየሳምንቱ ቤትህ ትገባለህ» ያለህ ሰው በክፋት ላይሆን ይችላል። ግን በእጁ የሌለውን ነገር ነው ቃል የገባልህ። በጅቡቲ መስመር ሹፌር ቤቱ የሚገባበትን ቀን አለቃው አይወስነውም። ሹፌሩም አይወስነውም። የሚወስነው ወረፋው ነው።

እስቲ አስበው። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሄዶ መመለስ የጥቂት ቀን ጉዳይ ነበር። ነገር ግን አገራችን ወደ ውጭ ከምትልከው የምታስገባው በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ መኪና ባዶውን ወደ ጅቡቲ ይወርድና ጭነት ይጠብቃል። ጭነቱ ደግሞ መርከብ ይጠብቃል። መርከቡ ቢገባም ሰነዱ ካላለቀ ዕቃው አይነሳም። የማዳበሪያ መርከብ በገባ ሰሞን ደግሞ መኪናው ወደዚያ ይታዘዛል፤ ከዘር ወቅት በፊት ለገበሬው መድረስ አለበትና። ይሄ ተገቢ ነው፣ የእኛም የወሎ ገበሬ ማዳበሪያ የሚያገኘው እንዲያ ነው። ግን ያን ሰሞን ቤትህ የምትገባበትን ቀን ማንም ሊነግርህ አይችልም።

ጭነህ ከተመለስክም አላለቀም። ደረቅ ወደቡ በር ላይ ሌላ ወረፋ አለ። ኮንቴይነሩ ደግሞ የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ነው። ባዶው በጊዜው ካልተመለሰ ቅጣት ይቆጥራል። ስለዚህ ባራገፍክ ማግስት «ባዶውን ይዘህ ውረድ» ልትባል ትችላለህ። አልጋህ ላይ አንዲት ሌሊት ሳታድር ማለት ነው።

አሁን መንገዱን ተመልከት። ከጅቡቲ በድንበሩ በጋላፊ ገብተህ፣ ሰመራንና ሎጊያን አልፈህ ሚሌ ስትደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። ሌላው በገዋኔ አድርጎ ወደ አዋሽ፣ ወደ ሞጆ፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የአዲስ አበባው ድርጅት ጭነት በአብዛኛው የሚሄደው በሁለተኛው ነው። ሚሌ ላይ ስትደርስ ከኮምቦልቻ የሚለይህ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አንተ ግን ወደ ደቡብ ትቀጥላለህ። ሞጆ ታራግፋለህ። መኪናው የሚያድረው አዲስ አበባ ነው። ከዚያ እረፍት ሲሰጥህ በአውቶቡስ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ ሐይቅ ሌላ 30። መንገድ በተዘጋ ጊዜማ ጭራሽ አትመጣም። ከእረፍትህ ላይ መምጫና መመለሻውን ቀንስና የሚተርፍህን ቁጠረው።

የኮምቦልቻው መኪና ግን የሚያድረው ቤትህ አጠገብ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ ሁለት ቀን ወረፋ ቢይዝህ፣ መኪናውን የሚጠብቅ ሰው ካለ በሚኒባስ ሐይቅ ገብተህ ትመለሳለህ። ለዚህ ነው ደመወዙን ከመጠየቅህ በፊት «መኪናው የት ነው የሚያድረው? ጭነቱ በብዛት የሚራገፈው የት ነው?» ብለህ ጠይቅ የምልህ። የኮምቦልቻ ባለንብረትም ቢሆን አንዳንዴ የሞጆ ጭነት ይይዛል። ምን ያህሉን ጊዜ እንደሆነ ቁርጡን ይንገርህ።

አንድ ነገር ግን ልደብቅህ አልፈልግም። ሹፌሩ ቤቱ ሲሄድ መኪናውን የሚጠብቀው ረዳቱ ነው። ያ ደግሞ አንተ ነህ። በረዳትነትህ ወራት ከሹፌሩ ያነሰ ነው ቤትህን የምታየው። የባለቤትህ መውለጃም የሚውለው እዚያው ስድስት ወር ውስጥ ነው። ይህን ካሁኑ እወቀው።

ታዲያ ለምን ረዳት ሁን እልሃለሁ? ነገሩ እንደከበደህ ይገባኛል። መንጃ ፈቃድ ይዞ ጎማ መፍታት ደስ አይልም። ግን ከአይሱዙ ወደ ተሳቢ የሚደረገው ለውጥ በጣም ትልቅ ነው። መንጃ ፈቃዱ እንድትነዳ ይፈቅድልሃል፤ ባቲ ዳገት ላይ ምን እንደምታደርግ ግን አላስተማረህም።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያች አጭር መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ መልሰህ ትወጣለህ። ወደ ታች ብዙ ጊዜ ባዶህን ነህ። ባዶ ተሳቢ ፍሬን ሲያዝበት ጎማው ይቆልፋል፣ ከኋላህ ይወዛወዛል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ዞሮ ሊመጣብህ ይችላል። ወደ ላይ ስትመጣ ጭነህ ነው። የአፋር ሙቀት፣ ሙሉ ጭነት፣ ረጅም ዳገት። ሞተሩ የሚግለው እዚህ ነው። የሙቀት መለኪያውን ማየት ልማድ ካልሆነብህ መሀል መንገድ ላይ ቆመህ ትቀራለህ።

ጭነቱ ወደ ደሴ ከሆነ ደግሞ ሌላ አለ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያች ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ከደሴ ጭነህ ስትወርድ ያው ቁልቁለት ይጠብቅሃል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ የሚቀነሰው ከመውረድህ በፊት ነው። ከገባህበት በኋላ መኪናው ፍጥነት ይዞ ማርሹ እምቢ ይልሃል። ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑን ነካ እያደረግህ ልቀቀው። እግርህን ፍሬን ላይ ተክለህ ከወረድክ የፍሬኑ ሸራ ይግላል። የጋለ ፍሬን አይዝም። ማርሽ አውጥቶ መውረድን ደግሞ በጭራሽ አታስበው። «ናፍጣ ይቆጥባል» የሚልህ ሰው ካለ የሱን መኪና አትሳፈር።

መኪናህ ከኋላው በመሳቢያ የሚጎተት ሙሉ ተሳቢ ከሆነ፣ ወደ ኋላ ማስገባት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የሚታጠፈው ሁለት ቦታ ላይ ነው፣ አንዱ ከመኪናው ጋር የተያያዘበት፣ ሌላው የተሳቢው የፊት እግር። ትንሽ መሪ ካበዛህ ተጣጥፎ ይቆማል። ይህን ወደብ ውስጥ፣ ከኋላህ መኪና ተሰልፎ እየጮኸብህ መማር አትፈልግም። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ አዋቂ ሹፌር አጠገብህ ቆሞ ተማረው።

እኔ መኪና የጀመርኩት በአሰብ ዘመን ነው፣ በረዳትነት። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነስቶ አሰብ እስኪዘጋ ድረስ ኮምቦልቻ የአሰብ ሹፌሮች ማረፊያ ነበረች። የዚያ ዘመን ሹፌሮች አሁንም አሉ፣ ከተማው ውስጥ ታገኛቸዋለህ። ሻይ ጋብዛቸውና ስለ መንገዱ ጠይቃቸው። ስስት የላቸውም።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ። ስድስት ወር ረዳት መሆን አይከፋም፤ ውሉ በደንብ ከተቀመጠ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ሰውየው ስድስቱን ወር «ሙከራ ነው» ካለህ ትክክል አይደለም። «በረዳትነት ቀጥሬሃለሁ፣ የረዳት ደመወዝ ይኸውልህ» ካለህ ግን ትክክል ነው። በጽሑፍ ይሁን። ከመቼ ጀምሮ መሪ እንደምትይዝ ቀኑ ይጻፍ። በሁለተኛው ወር ባዶ መኪና፣ በአራተኛው የተጫነ፣ ሹፌሩ አጠገብህ ተቀምጦ እንድትነዳ ተነጋገሩ። ስድስት ወር ሙሉ ሸራ ስታስርና ጎማ ስትቀይር ከቆየህ ሠለጠንክ አይባልም። ስለ ሹፌሩ ራሱም አጣራ። የሚያስተምርህ እሱ ነውና፣ የሱን ጠባይ ይዘህ ነው የምትወጣው።

በውሉ ላይ ስለ ጉድለት የሚለውን አንብበው። ዕቃ ቢጎድል፣ ናፍጣ ቢጎድል፣ ጎማ ቢፈነዳ ማን ነው የሚከፍለው? ብዙ ልጆች ዓመት ሠርተው ዕዳ ይዘው የወጡት በዚህ ነው። ሕጉ ከደመወዝ የሚቆረጥ ነገር ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይላል። ሲጭኑብህ ቁጠር፣ ሲያራግፉ ቁጠር፣ አስፈርም። ናፍጣ ስትቀዳ ደረሰኙን ያዝ። ከሰልባትዮ፣ ማለትም ከመኪናው ነዳጅ ታንከር፣ ናፍጣ ቀድተው መንገድ ላይ የሚሸጡ ታያለህ። አንተ አትግባበት። ባለንብረቱ አንድ ቀን ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ ማንም መሪ አይሰጥህም።

ወደቡን ጠይቀኸኛል። እንደሚያስፈሩህም አይደለም፣ እንደሚያቀሉልህም አይደለም። ዋናው ሥራ መጠበቅ ነው። ሙቀቱ በበጋቸው ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። ከሐይቅ ብርድ ወጥተህ በሐምሌ እዚያ መድረስ ለሰውነት ከባድ ነው። ውኃ ከምታስበው በላይ ያዝ። ጋቢና ውስጥ ቀን መተኛት አይቻልም፤ ከመኪናው ሥር ጥላ ውስጥ መተኛት ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። ሰው ሳያይህ መኪናው ሊነሳ ይችላል። ይህን ከምር ስማኝ።

ተርሚናል ውስጥ ስትገባ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የራስ ቁርና ጠንካራ ጫማ ያስፈልጉሃል። ክሬን ኮንቴይነር ሲያነሳ ከተባልክበት ቦታ አትንቀሳቀስ። ኮንቴይነሩ ከተቀመጠ በኋላ አራቱም ማዕዘን ላይ መቆለፊያው መያዙን በዓይንህ እይ። ከዚያ የኮንቴይነሩን ቁጥርና የማሸጊያውን ቁጥር ከሰነዱ ጋር አመሳክር፣ በስልክህም ፎቶ አንሳው። በሩን ሳትወጣ ነው ይህ የሚደረገው። ቁጥሩ ካልገጠመ ወይም ማሸጊያው ተበላሽቶ ከተገኘ፣ ከወጣህ በኋላ ተጠያቂው አንተ ነህ። በየቆምክበት ዞር ብለህ ማሸጊያውን እይ።

ሰነድህ በአንድ ቦርሳ ይሁን። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ድንበር የሚያሻግረው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ መድን፣ የመግቢያ ፈቃድህ፣ የጭነቱ ወረቀት። ወረቀት ስታስጨርስ የጭነቱን የጉምሩክ ጉዳይ ከሚያስፈጽመው ከትራንዚተሩ ጋር ነው ሥራህ፤ ስልኩን ያዝ። ጅቡቲ ውስጥ የመንግሥት ወረቀት በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ነው። አማርኛ የሚሰማ ግን አታጣም። የማታነበው ወረቀት ላይ አትፈርም፤ አስነብበህ ፈርም።

መንገድ ላይ ስለሚገጥምህ አንድ ነገር ልለይልህ፤ ለእኛ ለወሎ ሰዎች ይከብዳልና። ከሰፈርህ የወጣ ልጅ፣ ምናልባት የምታውቃት እናት ልጅ፣ ባቲ ወይም ሚሌ ላይ ቆሞ «ጋላፊን አሻግረኝ» ይልሃል። ዓረብ አገር ሊሻገር ነው። ገንዘብም ይሰጥሃል፣ ይለምንሃልም። አንጀትህ ይላወሳል። አትጫነው። በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ከባድ እስራት ያስከትላል፣ «አዝኜለት ነው» ማለት አያድንህም። ለልጁም አልጠቀምከውም። ከጋላፊ በኋላ ያለው በረሃና ባሕር የስንቱን የወሎ ቤት እንዳጨለመ አንተም ታውቃለህ። ውኃና የሚበላ ግዛለት። ከእናቱ ጋር በስልክ አገናኘው። ከተመለሰ የአውቶቡሱን ክፈልለት። ከዚህ በላይ ማድረግ የምትችለው የለም።

እንቅልፍ ሲመጣ ተኛ። ጫት ቅሞ ሌሊቱን መንዳት የተለመደ ነው፣ ይነግሩሃል፣ ያጎርሱሃል። ምርቃናው ሲለቅህ የሚመጣው እንቅልፍ ግን አስጠንቅቆ አይመጣም። አፋር ውስጥ ደግሞ ማታ ግመል አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ ሙቀቱን ይወደዋል። ጥቁር ሌሊት ላይ ቶሎ አይታይም። ግመል ከገጨህ ካሳው ብቻ አይደለም፣ ያን መንገድ ነገ በሰላም ማለፍህም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ከሰው ጋር ተግባብተህ እለፍ፣ በአገሩ ደንብ በሽማግሌ ጨርስ።

ሌላም ልበልህ፣ እንደ ታላቅ ወንድም። በየመንገዱ ማደሪያ ላይ ብቸኝነት አለ። ባለቤትህ ደግሞ በእምነት ነው የምትጠብቅህ። ከቤትህ ውጭ ምንም ነገር ይዘህባት አትግባ። የኤች አይ ቪ ምርመራ ለብቻ ሳይሆን ከእሷ ጋር ሆናችሁ አድርጉ፤ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ክትትል ላይ ለእሷ ይደረግላታል፣ አንተም አብረሃት ሂድ።

ስለ መውለጃው። ሕጉ ለአባት ደመወዝ የሚከፈልበት ሦስት ቀን ይሰጣል። ሦስት ቀን ለመጀመሪያ ልጅ ጥቂት ነው፤ አንተ ደግሞ ሰመራ ላይ ሆነህ ምጥ ቢጀምራት ሦስቱም ቀን በመንገድ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ከኮምቦልቻው ሰው ጋር ሳትፈርም ይህን ተነጋገር። «ባለቤቴ የምትወልድበት ወር ይኸ ነው። በዚያ ወር ወደ ጅቡቲ አልወርድም። ኮምቦልቻ ጊቢ ጥገናም ቢሆን፣ የደሴ ጭነትም ቢሆን እሠራለሁ፣ ደመወዜ ቢቀነስም እቀበላለሁ» በለው። ልጅ ያለው ሰው ከሆነ ይገባዋል። እምቢ ካለህ ደግሞ ገና ሳትጀምር የሰውየውን ልክ አወቅህ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሌላ ባለንብረት ፈልግ። ወደ አዲስ አበባው ግን አትሂድ። ኮምቦልቻ ውስጥ መኪና ያለው እሱ ብቻ አይደለም።

እናትህ ወይም እናቷ ከመውለጃው ሁለት ሳምንት በፊት ቤት ይግቡ። ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና ያለው ጎረቤት ከአሁኑ ይነገረው፣ ስልኩም በባለቤትህ እጅ ይሁን። ጋላፊን ስታልፍ የአገርህ መስመር ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ከማለፍህ በፊት ሁልጊዜ ደውልላት፣ መቼ እንደምትመለስ ሳይሆን የት እንደደረስክ ንገራት። የመመለሻህን ቀን ከነገርካት ትቆጥረዋለች፤ ወረፋ ሲያዘገይህ ግን ጭንቀቱ የእሷ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ኮምቦልቻ ውረድ። መጀመሪያ ወደ ባለንብረቱ አትሂድ። ደረቅ ወደቡ በር ላይ ተሰልፈው ከቆሙት ሹፌሮች ጋር ቁጭ በል። «የእሱን መኪና ማን ይነዳል? ደመወዝ በቀኑ ይከፍላል? ያለፈውን ዒድ ወይም ፋሲካ ቤታችሁ ነበራችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ረዳቶቹንም ለብቻቸው ጠይቃቸው። ከሰማህ በኋላ ሐይቅ ተመለስና ከባለቤትህ ጋር ተመካከሩ። ውሉ ሲጻፍም እሷ ታንብበው።